ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከፒያሳ እስከ ለገሃር መልቀም

ስልካችሁ ላይ በየማለዳው «የዕለቱ ቃል» የሚልክ መተግበሪያ ያላችሁ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቃሉ ይመጣል፣ ትርጉሙን ታነባላችሁ፣ «ኧረ ይሄማ ያምራል!» ትላላችሁ፣ ታክሲው ሜክሲኮ ሳይደርስ ቃሉ ተረስቷል። እንዲህ የሚሆነው ቃሉ ብቻውን ስለሚመጣ ነው። የሚጠራበትን ነገር በዚያ ሰዓት አላያችሁትም፣ አልሰማችሁትም፣ አላሸተታችሁትም። እዚህ የማሳያችሁ አሠራር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ነገሩ ይቀድማል፣ ቃሉ ይከተላል። የሚያስፈልገው ኪስ የሚገባ ደብተር፣ ስልክ፣ ባዶ የጫማ ካርቶንና ትንሽ የእግር መንገድ ነው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር እንነጋገር። የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ሌላ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። ንግግር ለመከታተል ደግሞ ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል ብሏል። የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከነእርባታው ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስታነቡ በየመስመሩ የምትቆሙ ከሆነ ዋናው ጊዜያችሁ ለተራዎቹ ቃላት ይሁን፤ ብርቁን ለቅዳሜ አቆዩት። እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት ግን አልልም። ሰው ቋንቋ የሚወደው በሚያስፈልገው ቃል ብቻ አይደለም።

1. መንገድ ምረጡ፣ ነገር ልቀሙ

ደጋግማችሁ የምትሄዱበትን አንድ መንገድ ያዙ። እኔ የምመርጠው ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ፖስታ ቤትን፣ ብሔራዊ ቲያትርን እያለፈ ለገሃር የሚደርሰውን ነው። ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምም፣ የማይተላለፍበት ዓይነት ሰውም የለም። ካዛንቺስም ይሆናል፣ አራት ኪሎም ይሆናል። የአራት ኪሎ ጥቅሙ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው መሆኑ ነው፤ የለቀማችሁትን ይዛችሁ ገብታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታጣሩታላችሁ።

ደብተሩ ላይ የምትጽፉት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ገና አልመጣም። የሚጻፈው ደግሞ ሁልጊዜ እያያችሁት ስም ሰጥታችሁት የማታውቁት፣ ወይም በአንድ ቃል መግለጽ የሚያስቸግር ነገር ነው። ከተለያየ ወር ቀንጨብ ሲደረግ አንድ ደብተር ይህን ሊመስል ይችላል፦

የታክሲ ረዳት፣ «ስታዲየም! ለገሃር!»፣ ከመንገዱ ማዶ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ።

ታኅሣሥ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች። አንዱ ጋቢውን ገና አላወለቀም።

ከካፌው በረንዳ የማይጠፋ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር «እህሳ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚል ሰውዬ።

ግማሹ የፈረሰ ግድግዳ፤ ከላይኛው ቀለም ሥር የድሮ ማስታወቂያ ፊደል ብቅ ብሎ።

የግንቦት የመጀመሪያ ካፊያ አቧራው ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ሽታ።

«ብዙ ሕዝብ»፣ «የሚያምር ሕንፃ» ብሎ መጻፍ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርግ የሚለው በዝርዝር ካልተያዘ፣ በኋላ ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

2. ከነገሩ ወደ ስሙ ሂዱ

ተራ መዝገበ ቃላት ከቃል ተነስቶ ወደ ትርጉም ይሄዳል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ለዚህ ሁለት መሣሪያ አለ። አንዱ ቴሶረስ የሚባለው ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮጄ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ዓይነት፣ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና የሚሰበስብ መጽሐፍ። ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቁ። ሁለተኛው ዋንሉክ የተባለው ነፃ ድረ ገጽ ነው። የነገሩን መግለጫ በተራ እንግሊዝኛ ስትጽፉለት ሊሆኑ የሚችሉ ቃላትን ይደረድርላችኋል። መግለጫው አጭር ይሁን፤ ሦስት አራት ቃል ይበቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅም ይቻላል፣ ግን የሌለ ቃል ፈጥሮ በሙሉ ልብ ሊሰጣችሁ ስለሚችል፣ ቀጣዩን ደረጃ ሳታልፉ የነገራችሁን አትመኑ።

ከላይ ያለውን ደብተር ይዘን እንሞክረው።

የካፊያው ሽታ ፔትሪኮር ይባላል። ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ስም ነው። በግሪክኛ ድንጋይ የሚለውን ቃልና በአማልክት የደም ሥር ውስጥ ይፈሳል የተባለውን ፈሳሽ ስም አጋጥመው ሠሩት። በደረቁ ወራት ዕፅዋት የሚያመነጩት ዘይት በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዝናብ ሲነካው አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከተባለው ውህድ ጋር ወደ አየር ይወጣል። ለእኛ ለወራት አቧራ ስንቅም ለከረምነው ይህ ቃል ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ ግንቦት ላይ አፍንጫችን ያስታውሰናል።

የረዳቱ ድምፅ ስቴንቶሪያን ነው። ስቴንቶር በሆሜር ግጥም ውስጥ ያለ የግሪኮች አዋጅ ነጋሪ ሲሆን ድምፁ የሃምሳ ሰው ያህል ነበር ይባላል። ሃምሳ ሰው የሚያህል ድምፅ ያለው ረዳት ስታዲየም አካባቢ ለማግኘት አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል።

በረንዳው ላይ ያለው ሰውዬ ክዊድነንክ ነው። በላቲን «አሁንስ ምን አለ?» ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው ወሬ ለቃሚውን በራሱ ጥያቄ ጠሩት። የኛው ሰውዬ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲል ስሙን ራሱ እየተናገረ ነው።

ግድግዳው ደግሞ ፓሊምፕሴስት የሚለውን ያመጣል፤ እዚህ ጋ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ በመጀመሪያ ለብራና ነው የወጣው። ብራና ውድ ስለሆነ የቀድሞው ጽሑፍ ይፋቅና በላዩ ሌላ ይጻፍበታል፤ ፍቁ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዝነኛው የአርኪሜድስ ሥራዎችን የያዘው ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠው የሒሳብ ጽሑፍ በ13ኛው ተፍቆ ጸሎት ተጽፎበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በጨረታ ሲሸጥ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ይህን ቃል ለከተማም ይጠቀሙበታል፤ አንዱ ዘመን በሌላው ላይ የተጻፈበት ከተማ ለማለት። የፒያሳን መፍረስና መሠራት ያየ ሰው ምን ለማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ብራና ሲፋቅ ያየ የአብነት ተማሪም ከብዙ እንግሊዛዊ ቀድሞ ይረዳዋል።

የቀረው ፀሐይ የሚሞቁት ሰዎች ናቸው። ቃሉ አፕሪሲቲ ነው። ሄንሪ ኮከራም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1623 ባወጣው የከባድ ቃላት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ትርጉሙን ተማሪ ቤት በተማርነው መንገድ ብንመልሰው «የክረምት ፀሐይ ሙቀት» ይሆናል፣ ይኸኔ ነው ነገር የሚበላሸው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የምን ፀሐይ ይሞቃል? የእነሱ «ዊንተር» ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናቡ ነው፣ አጥንት የሚሰብረው የጠዋት ብርድ ግን የሚመጣው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ያለው «ታኅሣሥ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ግድግዳ ተደግፎ» የሚለው ከመዝገበ ቃላቱ ትርጉም የበለጠ ትክክል ነው። ከነገሩ መነሳት የሚያዋጣው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ለአንዳንዱ ነገር ምንም ቃል አይገኝም። የገና ዋዜማ ገበያ ወርደው ዶሮ በክንፉ አንጠልጥለው ታክሲ ለሚሳፈሩ ሰዎች እንግሊዝኛ ስም የለውም፤ እንዲኖረውም አልጠብቅም። ዝለሉት።

3. ቃሉ በእርግጥ አለ ወይ?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ብርቅ ቃል የሚወድ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ የሚታለል ሰው ነው፤ ታሪኩ ባማረ ቁጥር ማጣራቱን ይተዋል።

መዝገበ ቃላት ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል ይዞ ነበር፣ ፍችውም በፊዚክስ «እፍግታ»። እንዲህ የሚባል ቃል በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። አንድ ባለሙያ «ትልቁ ዲ ወይም ትንሹ ዲ የእፍግታ ምሕፃር ናቸው» ብሎ በቁራጭ ወረቀት የጻፈውን ሌላው አንድ ቃል አድርጎ አነበበው። ስህተቱ የታወቀው በ1939 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ከርማጀን፣ ማለትም ነጭናጫ ሰው፣ የሚለው ቃል «ክፉ ልብ» ከሚሉ ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት ሳይመጣ አይቀርም ብሎ፣ ይህን የነገረው «ያልታወቀ ጸሐፊ» መሆኑን አከለበት። ጆን አሽ የተባለ ሌላ አዘጋጅ በ1775 ይህን ሲገለብጥ፣ የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ቃል «ያልታወቀ»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጸሐፊ» ማለት ነው ብሎ ቁጭ አደረገው። (ጆንሰን ለእኛ ጭራሽ ባዕድ አይደለም፤ ከመዝገበ ቃላቱ 20 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ሀበሻ አገር የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር።)

ኢንተርኔት ላይ ያለው ተረት ይብሳል። «ኒውስ» የሚለው ቃል ከሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው የሚለውን ያልሰማ የለም። ሐሰት ነው፤ ቃሉ «አዲስ» የሚለው ብዙ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ አሮጌ ቃል የፊደላት ምሕፃር ነው ሲባል ከሰማችሁ ተጠራጠሩ፤ በመነሻ ፊደላት ቃል መሥራት የተለመደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

አጣሩ ስል ከባድ ነገር አይደለም። ቃሉን በሁለት የታወቁ መዝገበ ቃላት ፈልጉ፤ የሜሪያም ዌብስተርና የካምብሪጅ ድረ ገጾች በነፃ ይሠራሉ። ከቃሉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት አንብቧት። «አርኬይክ» ከሆነ ያረጀ ነው፣ «ኦብሶሊት» ከሆነ ከነጭራሹ የቀረ፣ «ሊተራሪ» ከሆነ የሥነ ጽሑፍ፣ «ሂዩመረስ» ከሆነ ለቀልድ። አፕሪሲቲ የቀረ ነው። ከቀሩት መካከል የሚያሳዝነኝ ኦቨርሞሮው ነው፤ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፣ ዛሬ ግን ማንም አይለውም፤ «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያሉ ይዞራሉ። እኛ ከነገ ወዲያንም ከትናንት ወዲያንም ይዘን ቀርተናል። ቃሉ ምን ያህል በአገልግሎት ላይ እንዳለ ማየት ከፈለጋችሁ የጉግልን ኤንግራም ክፈቱና ጻፉት፤ በመጻሕፍት ውስጥ ከዘመን ዘመን ያለውን ድግግሞሽ በመስመር ይስልላችኋል።

4. በጆሮ ያዙት

ሸገር የውጭ ቃል ማላመድ ታውቅበታለች። ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያውን «ላ ጋር» ቢሉት ለገሃር አደረግነው፤ የጣሊያኑ የቤቶች ድርጅት ስም ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ለሰፈር ስም መልካም ነው። እንግሊዝኛ ስትማሩ ግን ይህ ችሎታ ጠላታችሁ ነው፤ ቃሉን በእኛ ምት ታነቡትና ሰሚው ይጠፋዋል።

የአማርኛ ጆሮ ሁሉንም ክፍለ ቃል በእኩል ኃይል መጥራት ይወዳል። እንግሊዝኛ አንዱን ይረግጥና ሌሎቹን ያለሰልሳል። ፔትሪኮር ላይ የሚረገጠው «ፔት» ነው። ስቴንቶሪያን ላይ «ቶ»፣ ፓሊምፕሴስት ላይ «ፓ»፣ አፕሪሲቲ ላይ «ሪ»። በድረ ገጹ ላይ ያለችውን የድምፅ ማጉያ ምልክት ተጭናችሁ ስሙ፣ ተከትላችሁ በሉ፣ ከዚያ ካርዱ ላይ የሚረገጠውን ክፍል ከሥሩ አስምሩበት። በተነባቢዎች ፊትም ሆነ መካከል «እ» አትጨምሩ፤ ስቴንቶሪያንን «እስቴንቶሪያን» ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት፤ ታክሲ ውስጥ ግን ይቅርባችሁ።

5. ከማን ጋር እንደሚውል እዩ

ትርጉሙን ብቻ የያዘ ሰው ቃሉን ገና አልያዘውም። ስቴንቶሪያን የሚውለው ከድምፅ ጋር ነው፤ የሰው ድምፅ። የመኪና ጡሩምባ ስቴንቶሪያን ነው ብትሉ ሰዋስዉ ትክክል ይሆናል፣ ሰሚው ግን ፊቱን ያጨማድዳል። ሜሊፍሉወስ ማለት ማር የሚያፈስ ማለት ነው፣ አንደበቱ ማር ነው ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ይውላል ለድምፅ፣ ለንግግር፣ ለዜማ። ስሙ ከማር የመጣ ቢሆንም ለጠጅ አይሆንም። ፔሪፓቴቲክ፣ ማለትም ከቦታ ቦታ የሚዞር፣ ከአስተማሪና ከኑሮ ጋር ይሄዳል፤ ከደብር ደብር ለሚዞር የቆሎ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የእንግሊዝኛ ቅጽል አላውቅም።

ጓደኞቹን የምታገኙት እንዲህ ነው። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ የዜና ፍለጋ ላይ ጻፉ። የሚመጡትን ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፣ ከፊቱና ከኋላው የሚደጋገመውን ቃል ለዩ፣ የሚያምራችሁን አንድ ሐረግ ገልብጡ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም።

6. ሥሩን ስታውቁ ቤተሰቡ ይከተላል

ላቲን ለእንግሊዝኛ፣ ግዕዝ ለአማርኛ እንደሆነው ነው። «ርእስ» ራስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ርእሰ አንቀጽን፣ ርእሰ ከተማን፣ ርእሰ መምህርን ለየብቻ አያጠናም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው።

በላቲን መራመድ የሚለውን ግሥ እንውሰድ፣ «አምቡላሬ»። ይህን የምታውቁት ከአምቡላንስ ነው፤ ፈረንሳዮች ጦሩን እየተከተለ ለሚንቀሳቀስ ሕክምና «ተራማጅ ሆስፒታል» ብለው ያወጡት ስም ነው። እንቅልፍ ደግሞ «ሶምኑስ» ነው። ኢንሶምኒያ የእንቅልፍ ማጣት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ሶምናምቡሊስት የሚለውን ግራ የሚያጋባ ረጅም ቃል ቁረጡት፦ እንቅልፍ፣ መራመድ፣ ባለቤት። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው። ሁለት የምታውቋቸውን ቃላት አጋጥማችሁ ሦስተኛውን አገኛችሁ፣ ስለዚህ አዲስ የምትሸመድዱት የለም።

«ሎኩዊ»፣ መናገር፣ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ዘር አለው። ሎክዌሸስ ለፍላፊ ነው። ሶሊሎኩዊ ለብቻ ማውራት። ቬንትሪሎኩዊስት ቃል በቃሉ ከሆድ የሚናገር፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት የሚያናግር ተዋናይ። በአንድ ካርድ ሥሩን፣ በሌሎች ልጆቹን ጻፉ፤ ግን በአንድ ቀን ሦስቱንም አትጀምሩ፣ መልካቸው ስለሚመሳሰል ይደበላለቁባችኋል።

7. የት ትሉታላችሁ፣ የት አትሉትም

አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለመፈተን የምትዘጋጁ ይህን በደንብ አንብቡ። በጽሑፍና በንግግር ፈተናው ላይ ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ የቃላት ሀብት ነው፣ ከውጤቱ ሩብ ይይዛል። የባንድ 7፣ ማለትም የሰባት ነጥብ ደረጃ፣ መግለጫ ብዙም ያልተለመዱ ቃላትን ስለመጠቀም ይናገራል፤ ግን ወዲያው አብሮ የሚጠይቀው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውልና ለየትኛው አጋጣሚ እንደሚስማማ ማወቅን ነው። ብዙም ያልተለመደ ማለት የ1623ቱን አፕሪሲቲ ማለት አይደለም። ለፈተና የሚጠቅማችሁ መካከለኛው ረድፍ ነው፦ ሎክዌሸስ፣ ፔሪፓቴቲክ፣ ሰረንዲፒቲ ዓይነቱ። ሰረንዲፒቲን፣ ማለትም ሳይፈልጉ መልካም ነገር ማግኘትን፣ ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1754 በጻፈው ደብዳቤ ላይ የዛሬዋን ስሪላንካን በድሮ ስሟ ከሚጠራ ተረት ወስዶ ፈጠረው፤ ዛሬ ማንም የተማረ ሰው ያውቀዋል።

የሥራ ማመልከቻ ላይ አንድም አትጨምሩ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ጠረጴዛው ላይ ክምር አለው፣ መዝገበ ቃላት እንዲፈልግ ያደረጋችሁት ዕለት ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ለዚህ ዓይነቱ ጸሐፊ እንኳ እንግሊዝኛ ቃል አለው፤ ሴስክዊፒዴሊያን፣ አንድ እግር ተኩል የሚረዝም ቃል የሚወድ።

የቀሩት ቃላት ደስታቸው ከጓደኛ ጋር ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንዴ ማኪያቶ ላይ ተገናኙ፣ እያንዳንዱ ያየውን ነገር በአማርኛ ይናገር፣ ሌላው ቃሉን ይገምት። ቃሉን አስቀድሞ መናገር ጨዋታውን ይገድለዋል። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር በመሀል ገብቶ «አባባ፣ ለዚህ እኮ ቃል አለው» ማለትም ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ወጣት አይቻለሁ፣ ማንም አላደነቀውም።

8. ካርዱና ሳጥኑ

እ.ኤ.አ. በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ሰው ያጠናውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚረሳ አሳየ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ሌላ ሰው ለዚህ ቀላል መላ አበጀ፣ ሳጥን። ስልክ የምትመርጡ አንኪ የተባለው ፕሮግራም ይኸንኑ ያሰላላችኋል፤ ለኮምፒውተርና ለአንድሮይድ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ ግን ሳጥኑን እመክራለሁ፣ በእጅ የተጻፈ ነገር ቶሎ አይለቅም፣ ሳጥኑም ማስታወቂያ አይልክም።

የጫማውን ካርቶን በአራት መከፋፈያ አምስት ክፍል አድርጉት። ጠንከር ያለ ወረቀት በመዳፍ ልክ ቁረጡ። በፊት ገጹ ላይ ከደብተሩ ያወጣችሁትን ነገር በአማርኛ ጻፉ፦ «ታኅሣሥ፣ ጠዋት፣ ግድግዳ ተደግፎ»። በጀርባው የእንግሊዝኛውን ቃል በራሱ ፊደል፣ የሚረገጠውን ክፍል አስምራችሁበት፣ ከሥሩ ከጓደኛው ጋር ያለውን ሐረግ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ምልክቱን። እንግሊዝኛውን በፊት ገጹ ያደረገ ሰው ሲያነብ ያስታውሳል፣ ሲናገር ግን አይመጣለትም።

አዲስ ካርድ በሳምንት ከአምስት አይብለጥ። ሁሉም አንደኛው ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ በየቀኑ ይታያሉ። የመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱ በየሁለት ቀኑ ይታያል። ሦስተኛው በየሳምንቱ፣ አራተኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስተኛው በየወሩ። የተሳሳታችሁት የትም ክፍል ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ «ነካ አድርጌው ነበር» ብሎ ማለፍ የለም። አንድ ካርድ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አንደኛው ከተመለሰ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በፊት ገጹ ላይ ያለው ነገር መደብዘዙ ነው። ቅደዱትና ነገሩን እንደገና ወጥታችሁ እዩት፣ አዲስ ካርድ ጻፉ።

ከአምስተኛው ክፍል ሁለት ጊዜ በትክክል የወጣውን በላስቲክ አስራችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የታሰረውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜን ላይ፣ ፈትታችሁ እለፉበት፤ የጠፋባችሁ ካለ ከመስከረም አንደኛው ክፍል ውስጥ ይጀምራል።